ለልጇም ሰዓት አልጨመረችም

ጥቅምት 9

ይድረስ ለተከበሩ ጋሼ፣

አንድ ነገር ልንገርዎት፣ ግን እንዳይስቁብኝ። ደብዳቤ ጽፌ አላውቅም። እንዴት እንደሚጀመር ጎረቤታችንን ልብስ ሰፊዋን ብጠይቃት፣ «ጤናቸውን ጠይቂ፣ የራስሽን ንገሪ፣ ከዚያ የፈለግሽውን ለምኚ» አለችኝ። ስለዚህ እንደምን ሰነበቱ? እኔ ፈጣሪ ይመስገን ደህና ነኝ። የምለምነው ግን የለኝም። የላኩልኝ ሹራብ ደርሶኛል። እጅጌው ትንሽ ይረዝማል፤ እጄን ስለሚደብቅልኝ ግን ወድጄዋለሁ።

ካዩኝ ብዙ ጊዜ ስለሆነዎት ላስታውስዎት። የአክስትዎ ልጅ ልጅ ነኝ፣ እርስዎ ሲሄዱ በር ሥር ተደብቄ የነበርኩት። ቤተሰቡ አሁንም ጭምቷ ነው የሚለኝ። ታምሜ ሁለት ዓመት ስለቀረሁ ስምንተኛ ክፍልን ከታናናሾቼ ጋር ነው የምማረው። ቁመቴ ረጅም ስለሆነ የኋላ ወንበር ተሰጥቶኛል። አስተማሪ ሲጠይቅ ከፊቴ ካለው ልጅ ጀርባ ዝቅ እላለሁ፤ ልጁም ለምዶ ቀና ይልልኛል።

እናቴ እርስዎ ስፖርት ያስተምሩበት የነበረው ትምህርት ቤት ውስጥ እስካሁን ሒሳብ ታስተምራለች። የፈተና ኮሚቴም ሰብሳቢ ናት። ለእርስዎ እንደምጽፍ ታውቃለች። «ሰላም በይልኝ» አላለችም፤ «አትጻፊ»ም አላለች።

ልብስ ሰፊዋ ወሬ ጨምሪበት ስላለችኝ አንድ ወሬ አለኝ። የዛሬ ሁለት ሳምንት ገደማ ደብተር ተሸክሜ መምህራን ክፍል ስገባ የትምህርት ቢሮው ኃላፊ እዚያ ቆሞ ነበር። ወረቀት ጠረጴዛው ላይ አስቀምጦ እንዲህ አለ፣ «ሕገ መንግሥቱ ይሻሻላል። መሪያችን የጀመሩትን ሥራ እንዲጨርሱ የሥልጣን ዘመን ገደቡ ይነሳል። መምህራን ድጋፋችሁን በፊርማችሁ ታረጋግጣላችሁ።»

ሽማግሌው የታሪክ አስተማሪ፣ «ከዚህ በፊትም አንድ ጊዜ ተራዝሞላቸው ነበር እኮ» አሉ።

«ያኛው ሥራውን ለመጀመር ነው። ይሄኛው ለመጨረስ ነው።»

«እንግዲህ ለማረፍም አንድ ጊዜ ያስፈልጋቸው ይሆናላ!» አሉ የታሪክ አስተማሪው፤ ሰው ሁሉ አፉን ያዘ።

ከዚያ እናቴ ብድግ አለች። እሷም እንደ እኔ ድምጿ ትንሽ ነው፤ ግን ሲሰሟት አይቸኩልም። «እኔ ዕድሜ ልኬን ተማሪ ፈትኛለሁ» አለች። «ሰዓቱ ሲያልቅ አልጨረስኩም የማይል ተማሪ አይቼ አላውቅም። ጎበዙም ሰነፉም ይላል። እኔ ደግሞ ለሁሉም አንድ ነገር ነው የምለው፦ እስክሪብቶ አስቀምጡ።»

ከመምህራኑ ማንም አልፈረመም። ሰውዬው አንዲት ፊርማ ብቻ ይዞ ተመለሰ፣ የርዕሰ መምህሩን። እሳቸውንም ቢሆን እስክሪብቶውን እጃቸው ላይ አስጨብጧቸው ነው። በሳምንቱ የመምህራን ማኅበሩ ማሻሻያውን እንደሚቃወም በግልጽ ጽፎ አወጣ። ደብዳቤው ላይ የእናቴም ስም አለበት። አሁን ቤታችን በር ሲንኳኳ ሁለታችንም ትንሽ ቆም እንላለን።

ጤና ይስጥልኝ፣ ረጅም ዕድሜ ይስጥዎት።

አክባሪዎ ጭምቷ


ኅዳር 2

ለማትናገረው ግን ለምትጽፈው ለጭምቷ፣

እደጊ፣ ተመንደጊ፣ ክፉ አይንካሽ! ደብዳቤሽ ሲደርሰኝ ሥራ ላይ ነበርኩ። እዚህ የመዋኛ ገንዳ አጥባለሁ፣ ውኃ እሞላለሁ፣ ሰው ሲዋኝ ዳር ቆሜ አያለሁ። ፊሽካ ሰጥተውኛል። እንግዲህ ዕጣ ፈንታዬ ይኸው ነው፤ አገር ቤትም ፊሽካ፣ እዚህም ፊሽካ። ሹራቡ ከረዘመ ጥፋቱ የእኔ አይደለም፤ እጅሽን አስረዝሚ።

አሁን ቀልዱን ልተወው። ለእናትሽ ንገሪያት፤ ፊርማ ቀለም ነው። ትፈርም፣ ቤቷ ትግባ፣ በልቧ የፈለገችውን ትያዝ። ባለፈው ጊዜ የሆነውን እኔ አይቻለሁ። ዘመኑ ሲራዘም መምህራን አደባባይ ወጣን። ከፊት ሆኜ ፊሽካዬን ነፋሁ፣ ሰው ጮኸ፣ ጉሮሯችን እስኪነቃ ጮህን። ከዚያ እነሱ መጡ። ዞር ብዬ ሳይ ከኋላዬ ያለው ጫማ ብቻ ነው። የሰው ጫማ ተበትኖ ቀርቷል። ከዚያ ወዲህ ጩኸት አልወድም፤ የምወድ መስዬ ነው የምኖረው።

ስለዚህ አንድ ነገር አስቤያለሁ። አንቺን ወደዚህ ላመጣሽ ነው። ትምህርትሽንም እዚሁ ትጨርሻለሽ። አራት ጉርድ ፎቶ ላኪልኝ። ጆሮሽ ይታይ፣ ፀጉርሽን ወደ ኋላ አድርጊ፣ ደግሞ እንደ ልማድሽ መሬት መሬት አትዪ፤ ካሜራው መሬት ላይ አይደለም።

ሌላው ደግሞ፣ እናትሽ ስለ እኔ ምን አለች? ምንም ካላለችም ምንም አላለችም ብለሽ ጻፊ። እኔ ችዬ እኖራለሁ።

ፊሽካው ጋሼሽ


ኅዳር 24

ይድረስ ለተከበሩ ጋሼ፣

ለጤናዎ እንደምን ከረሙ? ሳልጽፍ የቆየሁት ረስቼዎት አይደለም።

እናቴ ምንም አላለችም። ይቅርታ።

ፊርማውን ነግሬያታለሁ። «ቀለም ከሆነማ ለምን እንዲህ ይፈልጉታል?» ብላ ድንቹን መላጥ ቀጠለች። ፎቶ ቤት ደግሞ ሄጄ ነበር፤ ዝግ ነበር።

አሁን የምነግርዎት፣ ታኅሣሥ 14 ቀን ስታዲየም ውስጥ ትልቅ የድጋፍ ሰልፍ አለ። በቴሌቪዥን ይተላለፋል። ቦታው የሚሞላው በተማሪ ነው። አውቶቡስ ተመድቦልናል፣ ካኔቴራና ኮፍያ መጥቶልናል። ኮፍያው ለሁላችንም ሰፊ ነው፣ ጆሮ ድረስ ይገባል። የምንዘምረውንም ልከውልናል። ማሻሻያው በምክር ቤት የሚጸድቀው ልጆች ሳይቀሩ ደገፉ ተብሎ ነው ይላሉ።

እኛ ግን በዚያን ቀን የግማሽ ዓመት ፈተና አለን። ሒሳብ ነው። በከተማው ያሉ ትምህርት ቤቶች በሙሉ በዚያው ቀን ነው የሚፈተኑት። የፈተና ኮሚቴዎች በየዓመቱ ተሰብስበው አንድ ላይ ነው ፕሮግራም የሚያወጡት፤ ዘንድሮ እናቴ ጸሐፊያቸው ናት። እርስዎ አስተማሪ ስለነበሩ ፈተና ከተጀመረ በኋላ በር እንደማይከፈት ያውቃሉ።

ከዚህ በላይ አልጽፍም። የእርስዎ ደብዳቤ ሲደርሰኝ የፖስታው ጫፍ እንደገና የተለጠፈ ይመስል ነበር። በሒሳብ ደካማ ነኝና መልካም ይመኙልኝ። ገንዳው ዳር እግርዎ እንዳያዳልጥዎ።

ጭምቷ


ታኅሣሥ 12

ለጭምቷ፣

ፈጣሪ ይጠብቅሽ፤ እናትሽን ግን ማስተዋል ይስጣት። ፈተና?! ምድር ሲታመስ፣ ሰውዬው ወንበሩ ላይ ሊሰፋ ሲል፣ የመምህራን ማኅበር ተቃወምኩ ብሎ መግለጫ አውጥቶ ሲያበቃ፣ ሒሳብ ይፈትናሉ? እኛ ቢያንስ ጮኸናል! ጫማችንን ጥለን ሸሽተን ሊሆን ይችላል፣ ግን ጮኸናል!

መቼም ትፈርም ያልኩት እኔው ነኝ። አውቃለሁ። ግን ሰው ምክሬን ይሰማል ብዬ መቼ አሰብኩ? እናትሽ በሕይወቷ አንዴም ሰምታኝ አታውቅም፤ አሁን ምን ነካት?

ፎቶ ቤቱ ዝግ ነበር ያልሽውን አላመንኩም። ፎቶ ቤት ተዘግቶ አያውቅም፤ ሰውዬው እዚያው ነው የሚኖረው። የማትፈልጊ ከሆነ

ታኅሣሥ 15

ቆይ! ቆይ! ከላይ ያለውን አታንብቢው! አንብበሽው ከሆነም እርሺው!

ደብዳቤውን ጃኬቴ ኪስ ውስጥ ረስቼው ነበር። ትናንት ገንዳው ዳር ቁጭ ብዬ ሬዲዮ ከፈትኩ። የእናንተው ሬዲዮ፣ በቀጥታ ከስታዲየም። ጋዜጠኛው «ሕዝቡ በነቂስ እየገባ ነው» ይላል፤ ከኋላው የሚሰማው ግን የራሱ ድምፅ ነው፣ ከባዶው ወንበር ተመልሶ እየመጣ! «እየገባ ነው... ነው... ነው...» ይላል። ዘፋኙ «እጃችሁን ወደ ላይ!» ሲል አንድ ሰው ሲያስነጥስ ሰማሁ። በፈጣሪ፣ ሰማሁት! ከዚያ ሙዚቃ አደረጉ፣ ከዚያ የአየር ጠባይ፣ ከዚያ ደግሞ ሙዚቃ።

ያኔ ነው የገባኝ። በር አይከፈትም! አሥራ ሁለት ዓመት አስተምሬ፣ ለእኔ ብለሽ እንደዚያ አብራርተሽ ጽፈሽልኝ፣ አልገባኝም። ድንጋይ ራስ! ከደስታዬ የተነሳ ፊሽካዬን ብነፋው ዋናተኛው ሁሉ የሰመጠ ሰው አለ ብሎ ከገንዳ ወጣ። አለቃዬ ተቆጣኝ፣ ይቆጣ!

ጻፊልኝ! አንዲትም ነገር ሳታስቀሪ!

ድንጋዩ ጋሼሽ


ታኅሣሥ 28

ይድረስ ለተከበሩ ጋሼ፣

ሰላምታዬ ካሉበት ይድረስዎ። ከላይ ያለውን አንብቤዋለሁ። እናቴም አንብባዋለች። «ፎቶ ቤት ተዘግቶ አያውቅም» የሚለው ጋ ስትደርስ አየችኝ። ከዚያ «ድንጋይ ራስ» የሚለው ጋ ስትደርስ ሳቀች፤ ፊቷን ወደ መስኮት አዙራ ነው እንጂ።

ያን ቀን እንዲህ ነበር። ፈተናው ጠዋት ተጀመረ፣ ዘበኛችን የብረት በሩን ቆለፉ። ትንሽ ቆይቶ አውቶቡሶቹ መጡ። አንደኛው ጣሪያው ላይ ድምፅ ማጉያ አስሮ ዘፈን ይለቃል። የእኛ ክፍል መስኮት መንገዱን ያያል፤ እኔ ደግሞ የኋላ ወንበር ላይ፣ መስኮቱ አጠገብ ስለሆንኩ ሁሉንም እሰማለሁ። የትምህርት ቢሮው ኃላፊ ወርዶ በሩን በቡጢ መታ።

«ክፈት!»

«ፈተና ላይ ናቸው፣ ጌታዬ» አሉ ዘበኛው።

«ክፈት ነው የምልህ! ማን መሰልኩህ?»

«አውቅዎታለሁ እንጂ። እዚህ በሩ ላይ የተለጠፈው መመሪያ፣ ፈተና ከተጀመረ እስኪያልቅ ማንም አይገባም፣ ማንም አይወጣም ይላል። ከሥሩ ያለው ፊርማ የእርስዎ ነው።»

መመሪያውን የዛሬ ሁለት ዓመት እሱ ራሱ ነበር ፈርሞ በየትምህርት ቤቱ ያስለጠፈው። ለርዕሰ መምህሩ ስልክ ደወለ መሰለኝ፣ እሳቸው ከረባታቸውን እያስተካከሉ ወደ በሩ ሲሄዱ አየኋቸው። ሁላችንም አሁን ይከፍቱታል ብለን እስክሪብቶ ይዘን ቀረን። እሳቸው ግን በብረቱ ቀዳዳ ጎንበስ ብለው፣ «ጌታዬ፣ እባክዎ ድምፅዎን ይቀንሱ፤ ተማሪ ይረበሻል» አሉት። ከዚያ የተናገሩት ነገር ራሳቸውን አስደንግጧቸው መሰለኝ ሮጠው ተመለሱ።

ወላጆችም መንገዱ ዳር ተሰብስበው ነበር። ልብስ ሰፊዋ ሜትሯን አንገቷ ላይ እንዳንጠለጠለች ወደ አውቶቡሱ ሹፌር ሄዳ፣ «አንተ ሰውዬ፣ ልጄ ባለፈውም ሒሳብ ከብዶታል፣ ዘፈንህን ዝጋልኝ!» ስትል ሰማኋት። ሹፌሩም ዘጋ። በየትምህርት ቤቱ ደጅ እንዲሁ ነበር አሉ። አውቶቡሶቹ ከተማውን ሲዞሩ ውለው ባዷቸውን ስታዲየም ገቡ።

ዝምታ የእኔ ነገር ይመስለኝ ነበር፣ ማለቴ ለእኔ ብቻ የተሰጠኝ ጉድለት። ያን ቀን ግን ከተማው ሙሉ አብሮ ዝም ሲል ሰማሁት። ዝምታው እንደ ግድግዳ ቆሞ ነበር። ማንም ሊያልፈው አልቻለም።

አሁን የሚያሳፍረኝን ልጻፍ። እኛን የምትፈትነው አስተማሪ መንገድ ተዘግቶባት ስለቀረች እናቴ ራሷ ነበረች ክፍላችን ውስጥ። እኔ የውጭውን ስሰማ ሰዓቱ አለፈብኝ። «ጊዜው አልቋል፣ እስክሪብቶ አስቀምጡ» ስትል ሦስተኛውን ጥያቄ እንኳ አልጨረስኩም። እየሰበሰበች እኔ ጋ ስትደርስ በሹክሹክታ «ትንሽ ብቻ ጨምሪልኝ» አልኳት። ክፍል ውስጥ እናቴ ብዬ ጠርቻት አላውቅም፣ ያን ጊዜ ግን «እናቴ» አልኳት። እጇ ትንሽ ቆየ። ከዚያ ወረቀቱን ከሥሬ ሳበችው።

ወደቅኩ፣ ጋሼ። ቤት ስንገባ ፊቴን ወደ ግድግዳ አዙሬ ተኛሁ። መጥታ አልጋው ጫፍ ላይ ተቀመጠች። «ብታልፊም ብትወድቂም ቤትሽ ይኸው ነው» አለችኝ፤ «ሰዓቱ ግን የሁሉም ነው።»

ጥያቄው ይህ ነበር፦ አንድ ቧንቧ ባዶ ገንዳ በስድስት ሰዓት ይሞላል። ሌላ ቧንቧ ያንኑ ገንዳ በሦስት ሰዓት ይሞላል። ሁለቱ አንድ ላይ ቢከፈቱ በስንት ሰዓት ይሞላል? እርስዎ ገንዳ ስለሚሞሉ ያውቁታል ብዬ ነው።

ከባዱን ወሬ መጨረሻ ላይ አደረግኩት። እናቴና የፈተና ኮሚቴው ከሥራ ታግደዋል። «ፈተናው የውሸት ነው፣ ሰልፉን ለማደናቀፍ የተዘጋጀ ተንኮል ነው» ተብለው ተከሰዋል። ጥር 20 ቀን በትምህርት ቤቱ አዳራሽ የዲሲፕሊን ጉባኤ አለ። ከተፈረደባት ዳግመኛ የትም አታስተምርም። ቤቱም የትምህርት ቤቱ ስለሆነ እንለቃለን። መውደቄን ከእርስዎ በቀር ለማንም አልነገርኩም። ውጤት አልተለጠፈም፤ ለእያንዳንዱ ልጅ ለብቻው ነው የተነገረው። እሷም ለማንም አልተናገረችም።

ጭምቷ


ጥር 8

ለእኔዋ ጭምት፣

ጉልበት ይስጥሽ፣ እናትሽንም ያጽናት። ደብዳቤሽን ገንዳው ዳር ስድስት ጊዜ አነበብኩት፤ ጫፉ እርጥብ ነው፣ ውኃ ነው፣ ሌላ ነገር እንዳይመስልሽ።

መውደቅ ምን አለው? እኔ ሒሳብ ወድቄ አይደል የስፖርት አስተማሪ የሆንኩት! ሒሳብ ባልወድቅ ኖሮ የዛሬው ቁመናዬ ከየት ይመጣ ነበር? ጥያቄውን ግን ሠርቼዋለሁ። ስድስትና ሦስት ዘጠኝ፣ ለሁለት ሲካፈል አራት ተኩል። አራት ሰዓት ተኩል! የሥራ ልምድ ማለት ይሄ ነው። ለእናትሽ አሳያት።

ስለ ፎቶው ከእንግዲህ አልጠይቅሽም። መምጣት ስትፈልጊ ትነግሪኛለሽ፣ ካልፈለግሽም አትነግሪኝም። እኔ አንቺን ከዚያ ላወጣሽ ስጣደፍ ለካ እናንተ እዚያ ሥራ ላይ ነበራችሁ።

አንድ ያልነገርኩሽ አለ። ስሄድ እናትሽ አውቶቡስ ተራ ድረስ ሸኝታኝ ነበር። ፊሽካዬን ማስታወሻ ይሁንሽ ብዬ ብሰጣት መለሰችልኝ። «ይዘኸው ሂድ፣ ፊሽካ ሞልቷል፤ ያነሰን ሰው ነው» አለችኝ። ከዚያ ወዲህ አንድ መስመር ጽፋልኝ አታውቅም፣ እኔም ፈርቻት አልጻፍኩም። እንዲህ ያለ ትልቅ ሰውዬ አንዲት ሒሳብ አስተማሪ ይፈራል!

ጥር 20 ቀን ሥራ አልገባም። ምንም አላደርግም፣ ቁጭ ብዬ ስለ እናንተ አስባለሁ። እስካሁን ያላደረግኩት እሱን ነው።

ጋሼሽ


ጥር 23

ይድረስ ለምወድዎት ለጋሼ፣

እንዴት ነዎት? እኔ ደህና ነኝ። ደህና ብቻ ሳይሆን፣ እንዴት እንደምለው አላውቅም። በችኮላ ነው የምጽፈው፣ ጽሕፈቴ ካስቸገረዎት ይቅር ይበሉኝ።

አዳራሹ ጢም ብሎ ነበር። ወላጆች «ልጆቻችን የተፈተኑትን ፈተና እኛ ካልሰማን ማን ይሰማል?» ብለው ገቡ። ከፊት ጠረጴዛው ላይ ሦስት ሰዎች ተቀምጠዋል። መሐል ላይ ያሉት የጉባኤው ሰብሳቢ ጡረታ ሊወጡ የደረሱ ኢንስፔክተር ናቸው፤ ጆሯቸው ትንሽ ይከብዳል። እናቴና ኮሚቴዎቹ በአንድ አግዳሚ ላይ፣ የትምህርት ቢሮው ኃላፊ ደግሞ ቆሞ ነበር።

የታረሙትን ወረቀቶች አቀረቡ። ኃላፊው ነካም አላደረጋቸው። «ማርክማ እቤት ቁጭ ብሎ ይጻፋል!» አለ። «ይህ ፈተና አይደለም፣ ድራማ ነው። ልጆቹን ቆልፈውባቸው ተቀመጡ፣ ከዚያ ለሁሉም ማለፊያ ሰጡ። የውሸት ፈተና ማንንም አይጥልም!» ከዚያ ወደ እኛ ዞሮ እጁን ዘረጋ። «እስቲ አንድ! አንድ የወደቀ ተማሪ ካለ እዚህ ይነሳና ይናገር!»

ማን ይነሳል? ሁሉም ልጅ ጫማውን ማየት ጀመረ። ሰውዬው ፈገግ አለ። እኔ እናቴን አየኋት። እሷ የአንዱን ስም ብቻ ብትጠራ ይበቃ ነበር። መሬት መሬት ታያለች። ስለ እኔ ዝም እንዳለች ገባኝ። ሥራዋን፣ ቤቷን፣ ሁሉንም ትታ የእኔን እፍረት ነበር የምትጠብቀው።

እንዴት እንደተነሳሁ አላውቅም። ወንበሩ ሲንቋቋ ሰማሁ፤ ቆሜ ነበር። የሹራቤን እጅጌ በሁለት እጄ ጨብጫለሁ።

«እኔ ወድቄያለሁ» አልኩ።

«አይሰማም!» አሉ ሰብሳቢው እጃቸውን ጆሯቸው ላይ አድርገው።

«እኔ ወድቄያለሁ!» ድምፄ ግድግዳውን ነክቶ ሲመለስ ሰማሁት። የእኔ አልመሰለኝም።

ኃላፊው ሳቀ። «ማን ነሽ አንቺ? ማን አስጠንቶሽ ነው?»

«ማንም አላስጠናኝም። ልጇ ነኝ።»

አዳራሹ ጸጥ አለ። ልክ እንደ ፈተናው ቀን። አሁን ካቆምኩ ዳግመኛ አልጀምርም ብዬ ቀጠልኩ። «ሦስተኛውን ጥያቄ አልጨረስኩም ነበር። ትንሽ ጨምሪልኝ ብዬ ለመንኳት። እናቴ ብዬ ለመንኳት። ወረቀቱን ወሰደችብኝ። ለእኔም ሰዓት አልጨመረችም።»

ተቀመጥኩ። መጀመሪያ የታሪክ አስተማሪው ነበሩ፣ በቀስታ፣ ለራሳቸው እንደሚናገሩ፣ «ለልጇም አልጨመረችም» ያሉት። ከዚያ ከኋላ አንዱ ደገመው። ከዚያ ልብስ ሰፊዋ ዘላ ተነሳች። «የእኔም ልጅ ወድቋል!» ብላ ጮኸች፣ ልጇ ሽልማት ያገኘ ይመስል።

«የእኔም!»

«የእኛ ቤት ሁለቱም ወድቀዋል፣ መንትዮቹ!»

አንድ አባት ልጁን ክንዱን ይዞ አነሳው። «ይኸው! ይሄም ወድቋል!»

«አባዬ፣ እኔ አልፌያለሁ እኮ።»

«ዝም በል፣ አሁን ትወድቃለህ!»

ሳቁ ጣሪያውን ነቀነቀው። ሰብሳቢው ሳይቀሩ መነጽራቸውን አውልቀው ዓይናቸውን ጠረጉ። ከዚያ ወደ ኃላፊው ዞረው፣ «በሩ ላይ ያለው መመሪያ ላይ የማን ፊርማ ነው ያሉኝ?» ብለው ጠየቁት። ሰውዬው ከረባቱን ላላ አደረገ። «የእኔ» አለ። «አይሰማም» አሉ ሰብሳቢው። እኔ ግን ጥሩ አድርገው የሰሙት ይመስለኛል።

ክሱ ውድቅ ተደረገ። እናቴና ኮሚቴዎቹ በማግሥቱ ሥራ ገቡ። እናቴ አዳራሹ ውስጥ አላቀፈችኝም፤ ሰው ፊት አይሆንላትም። ቤት ስንደርስ ግን በሩን ዘጋች፣ ቁልፉን እንኳ ከእጇ ሳታስቀምጥ ያዘችኝ። የቁልፉ ምልክት እስካሁን ጀርባዬ ላይ ያለ ይመስለኛል።

ገና አላለቀም፣ ጋሼ። ለካ እኛ ጋ ሰልፉ ሲበላሽባቸው ወደ ሌሎች ከተሞች ወስደውት ነበር። አንዱ ከተማ ሲደርሱ ፈተና ነው። ሌላው ሲደርሱ ፈተና ነው። መምህራኑ በየቦታው ፕሮግራም እያወጡ፣ በር እየቆለፉ ጠበቋቸው። ዛሬ ጠዋት ሬዲዮው ተናገረ፦ ምክር ቤቱ ማሻሻያውን ሳያጸድቅ ጥሎታል። መሪው ዘመናቸው በሚያልቅበት ቀን ይወርዳሉ። መንገዱ በሰው ተሞላ። የአውቶቡስ ሹፌሮች ጡሩምባ እየነፉ፣ ሰው ከመስኮት እየወጣ፣ ሁሉም የሚለው አንድ ነገር ነው፦ «እስክሪብቶ አስቀምጡ! እስክሪብቶ አስቀምጡ!» ሒሳብ ተምረው የማያውቁ ሰዎች ሁሉ። ርዕሰ መምህራችን ከረባታቸውን አውልቀው በአየር ላይ ሲያሽከረክሩት ነበር። እናቴ በረንዳው ላይ ቆማ ታያለች፤ «የእኔ አረፍተ ነገር ነበር እኮ» ትላለች፣ ዕቃዋን የወሰዱባት ይመስል።

እርስዎም ገንዳው ዳር ፊሽካዎን ይንፉ። ይቆጣ አለቃዎ።

መልስዎን አሳየኋት። ቀዩን እስክሪብቶ አምጪ አለችኝ። ከዚህ በታች ያለው የእሷ እጅ ጽሕፈት ነው፦

«ስህተት። ከሁለቱ ቧንቧዎች አንዱ ብቻውን በሦስት ሰዓት የሚሞላው ገንዳ፣ ሁለቱ ሲከፈቱ እንዴት አራት ተኩል ይፈጃል? ሲረዳዱ ከፈጣኑም ይፈጥናሉ። መልሱ ሁለት ሰዓት ነው። አስበህ አትሠራም፣ እንደ ድሮህ ነህ። ድጋሚ ፈተና መውሰድ ትችላለህ፤ እዚሁ መጥተህ ግን ነው። ሰው አሁንም ያንሰናል። ፊሽካህንም ይዘህ ና።»

እንግዲህ ምን አለች ብለው ይጠይቁኝ አልነበር? ይኸው አለች።

እኔ ወደዚያ አልመጣም፣ ጋሼ። ፎቶ ቤቱም ያን ቀን ክፍት ነበር። ደጁ ላይ ቆሜ ነው የተመለስኩት።

ነገ ጠዋት የድጋሚ ፈተናዬ ነው። የምትፈትነን እናቴ ናት። የሹራቡን እጅጌ እስከ ክርኔ እሰበስበዋለሁ። የኋላውን ወንበር ትቼ ፊት እቀመጣለሁ። ያልገባኝ ጥያቄ ካለ እጄን አወጣለሁ፣ ካልታየሁም እቆማለሁ። ሰዓቱ ሲያልቅ ደግሞ፣ ብጨርስም ባልጨርስም፣ ማንም ሳይለኝ እስክሪብቶዬን አስቀምጣለሁ።